አሥራ ሦስተኛው ሜትር ኩብ

ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ባለው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ለአራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ የውሃ ቆጣሪ ብቻ ነበር። ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይከፈላል፤ አካፋዩም ጡረተኛው የመንገድ ቀያሽ አቶ ገብረየስ ናቸው። ቢሉ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚሆን በረንዳቸው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ቢሉም እንደ ጨዋ ተማሪ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ የሚኮሩበት ይኸው አለመሳሳታቸው ብቻ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሥር ሰው፣ በቀን ሁለት ሁለት ባልዲ፣ ባልዲው ሃያ ሊትር፤ በወር አሥራ ሁለት ሜትር ኩብ። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ግን ቢሉ አሥራ ሦስት ይዞ ከች አለ። ሰኔም አሥራ ሦስት!

"ጓድ ገብረየስ፣ ጠመኔዎ አረጀ እንዴ?" አለ ረታ። ረታ የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ትልቁን ቤት ከነቤተሰቡ ለአምስት ይዞታል። ግቢው በሙሉ ሳቀ።

አቶ ገብረየስ አንጀታቸው አረረ። "ትርፉን ሃምሳ ባልዲ ማን እንደፈጀው እሑድ በስም እነግራችኋለሁ!" ብለው ፎከሩ።

በማግስቱ ቧንቧውን ዘግተው አፍንጫቸውን ቆጣሪው ላይ ደቅነው ተቀመጡ። መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ የሚያፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ በርጩማቸውን ቧንቧው አጠገብ ጎልተው ባልዲ ሲቆጥሩ ሰነበቱ። ረታ ቤት አሥር፣ ልክ። ባለሱቁ ሙክታርና ሚስቱ ሸሪፋ አራት፣ ልክ። የራሳቸው ሁለት። ተናኜ ከሴት ልጇ ጋር ሁለት ራስ ናት፤ የምትቀዳው ግን ስድስት ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም።

"ያዝኳት!" ብለው ሳያንኳኩ በሯን ገፉት። መስኮቱ ላይ ምላጭ ተቀምጧል። መጋረጃው ሥር አንድ ጎረምሳ ቆሟል፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው። ተናኜ አመድ መሰለች።

"ወንድሜ ገሰሰ ነው፣ ጋሼ። ለውትድርና ሲያፍሱ አምልጦ ነው የመጣው። ረታ ከሰማ ይወስዱብኛል። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ!"

ያሳፍራል፣ ግን አቶ ገብረየስ መጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነበር። ስሌታቸው ልክ ነው! ደንበኛ ሰው በወር ስልሳ ባልዲ ይፈጃል፤ ይኼኛው ሃምሳ የፈጀው እየፈራ ስለሚታጠብ ነው። ቀጥሎ ልጁን ደህና አድርገው አዩት። ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላውም። ሆዳቸው ባባ። በሩን መልሰው ዘጉላቸው።

እሑድ ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። ረታ እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል።

"እሺ ጓድ፣ ማነው?"

ተናኜ አንገቷን ደፍታለች። አቶ ገብረየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንድ ጊዜ አልበቃቸውም።

"እኔ ነኝ። ሐኪም ለወገብህ ጠዋት ጠዋት ታጠብ ብሎኝ፣ ስቆጥር ራሴን ዘለልኩ። ተሳስቻለሁ። ከእንግዲህ እኔን ሁለት ሰው ብላችሁ ቁጠሩኝ።"

ሰው በሳቅ አውካካ። ረታ እንባው እስኪወርድ ስቆ "ገብረየስ፣ ሁለት ሰው" ብሎ መዘገበ። ጠመኔውንም ከእጃቸው ተቀብሎ ለሙክታር ሰጠው። ከሳቁ ሁሉ ይኼ ነው የቆጠቆጣቸው፤ ለሠላሳ ዓመት መንገድ የቀየሰች እጅ ባዶዋን ቀረች።

ማምሻውን ተናኜ አራት ባልዲ ቀድታ ቧንቧውን ስትዘጋ አቶ ገብረየስ ከበረንዳቸው ወርደው መልሰው ከፈቱት።

"ኧረ ይበቃናል፣ ጋሼ! በእኛ የተነሳ እርስዎን..."

"ስድስቱንም ቅጂ" አሉ፣ ባዶውን ባልዲ ራሳቸው እየደቀኑላት። "ደህና አድርጎ ይታጠብ። ተከፍሎበታል።"