ከፍ ያለችው ላ

ልጅቷ ባንድ ስትወድ ለጉድ ነው። በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ዋና መሣሪያዋ ደግሞ ኦቦ፣ ያቺ ጫፏ ላይ ጥንድ የሸምበቆ ምላስ የምትሰካባት ቀጭን ጥቁር የእንጨት መሣሪያ። ግን በኦቦ ብቻ ማን ይቆማል! ማክሰኞ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ማርሽ ባንድ ጋር ክላርኔት ትነፋለች፤ ቀብር ካለ ከቀብር ባንድ ጋር ትልቁን ከበሮ ትመታለች፤ ቅዳሜ ሳክስፎን አንጠልጥላ ከሠርግ ባንድ ጋር ትውላለች። "ሰው ጎድሏል" ሲባል ከሰማች፣ የጎደለው ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ "እኔን ጨምሩኝ" ነው መልሷ። ከዚህ የተነሳ ስሟ ተረስቶ ጨምሩኝ ሆና ቀረች።

እናቷ የሆስፒታል ልብስ ተኳሽ ናት። "አንቺ እኮ የጎረቤት ድስት ሲንኳኳም ባንድ መስሎሽ ትሮጫለሽ" ትላታለች።

ጨምሩኝ አትቀየምም። ስለ ባንዶቿ ማውራት ከጀመረች ደግሞ የሚያስቆማት የለም። "በማርሽ ባንድ ጆሮሽን ለእግርሽ ነው የምትሰጪው። ከበሮው ቢሳሳት አብረሽ ትሳሳቻለሽ፤ አለዚያ አርባ ሰው ይደናቀፋል። በቀብር ባንድ መሪዎቹ ሣጥኑን የተሸከሙት ናቸው፤ አንዱን ጉልበቱን ካመመው ሙዚቃውም ያነክሳል። በሠርግ ባንድ ዘፋኙ መግቢያውን ከረሳ፣ የረሳሽው አንቺ ነሽ!" ይህን ስትናገር ማማረሯ አይደለም፤ ዓይኗ እየበራ ነው። የሰውን አካሄድ ቶሎ ይዞ አብሮ መሄድ ለእሷ የሙዚቃ ሁሉ ጣዕም ነበር።

ያልገባችበት አንድ ቤት ቀርቷት ነበር፤ ትልቁ ኦርኬስትራ። የኦርኬስትራው ኦቦ ነፊ ጡረታ ሲወጣ አንድ ቋሚ ቦታ ተከፈተ። ለቦታው የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጨምሩኝ፣ ሌላዋ ሌላ ከተማ የምትማር፣ የኦርኬስትራው አንደኛ ቫዮሊን ተጫዋች የእህት ልጅ። ፈተናው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ልምምድ ያለ ኦቦ ስለማይሆን፣ እስከዚያ ጨምሩኝ ትቀመጥበት ተባለ። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት እናቷን ከነካውያዋ አቅፋ አሽከረከረቻት።

"ቆይ፣ ታቃጥይኛለሽ! ቋሚ ሥራ ነው?" አለች እናት።

"ፈተናውን ካለፍኩ ቋሚ ነው።"

"እሰይ! እንግዲያ እነዚያን ቀባሪዎች ተያቸው።"

"እማ ደግሞ! ምን አደረጉሽ?"

የልምምዱ አዳራሽ ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ በወንበር እግር የተቦጫጨረ ነው። የኦርኬስትራው መሪ ጉዞ ላይ ስለነበር ልምምዱን የያዘው ይኸው አንደኛ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ሁሉም ጋሼ ይለዋል። ሽበቱን አበጥሮ፣ ድምፁን አለስልሶ የሚናገር፣ ሲሰድብህ እንኳ የሚያባብልህ የሚመስል ሰው ነው። አፉ ቅቤ፤ ሆዱን ግን ማን ያውቃል።

ኦርኬስትራ ሲቃኝ "ላ" የምትባለውን ድምፅ የምትሰጠው ኦቦ ናት፤ ሰባ ሰው በእሷ ላ ይቃኛል። ጨምሩኝ በመጀመሪያው ቀን ላዋን በስልኳ መቃኛ አጣርታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቀጥ አድርጋ ሰጠች። ቫዮሊኖቹ ተከተሉ፤ ቼሎዎቹ ተከተሉ፤ ነፊዎቹም ገቡ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ግን ሁሉም ከእሷ በላይ ነበሩ። በብዙ አይደለም፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ነገር ግን ሰባ ሰው የፀጉር ያህል ከፍ ሲል፣ ዝቅ ብላ የምትሰማው አንዷ ናት።

"ልጄ፣ ወርደሻል" አለ ጋሼ።

"ስልኬ ላይ እኮ ልክ ነው፣ ጋሼ።"

አዳራሹ ሳቀ። "እኛ እዚህ ስልክ አናጅብም" አለ ጋሼ፤ "ነው ወይስ ሰባ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ነሽ?"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይጠረጥር ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የታያት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጠባይ አለው፤ የዚህ ቤት ጠባይ ከፍ ብሎ መጫወት ነው አለች በልቧ። እቤት ገብታም ለእናቷ እንደ ትልቅ የምሥራች፣ "የኦርኬስትራው ላ ከፍ ያለች ናት፣ ታውቂያለሽ?" ብላ ነገረቻት። እናትየው ምኑም ሳይገባት "ይሁና!" አለች።

የኦቦ ድምፅ ከፍ እንዲል ምላሷ ማጠር አለባት። ጨምሩኝ ስድስት ምላሶች ነበሯት፤ ሸምበቆውን ራሷ ልጣ፣ በክር ጠፍራ፣ ለእያንዳንዷ ቀናት አፍስሳ የሠራቻቸው። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያዋን በስለት ቆረጥ አደረገቻት። በማግስቱ ኦርኬስትራው ላይ ደረሰች። ሳምንቱ ሳይሞላ እነሱ ደግሞ ትንሽ ከፍ አሉ። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ቆረጠች። "ወርደሻል፣ ልጄ" ይላል ጋሼ በየቀኑ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። በሦስተኛው ሳምንት ስድስቱም አጠሩ። የተቆረጠ ሸምበቆ መልሶ አይቀጠልም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ሐሙስ ዕለት ሰባውን ሰው ልክ አገኘቻቸው፣ ጋሼም "አሁን የኛ ሆንሽ" አላት። ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም።

ከኋላዋ ተቀምጦ ኮርኖ የሚባለውን ጥቅልል የናስ መለከት የሚነፋው፣ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው፣ የዚያን ዕለት መሣሪያዋን ስታስገባ ጠጋ ብሎ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ የገዛ ጆሮሽን አታምኚውም እንዴ?"

"አምነዋለሁ። ግን የምጫወተው ከሰው ጋር ነው።"

ኮርኖ ነፊው ወደ ጋሼ አየት አደረገና ብስኩት አውጥቶ ሰጣት።

የፈተናው ቀን መሪው ከሁለት እንግዳ ዳኞች ጋር መጣ። ኮሪደሩ ላይ የጋሼ የእህት ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ጋሼ ጉንጫቸውን ስሞ ገባ። መድረኩ ላይ ትልቁ ፒያኖ ተገፍቶ መጥቷል። ጨምሩኝ ላዋን ልትሰጥ ኦቦዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ ጋሼ እጁን አነሳ።

"ዛሬ ፒያኖ አለን፤ ላውን ከፒያኖው እንውሰድ።" ሄዶ በራሱ ጣት ተጫነው።

ሰባ ሰው አንድም ሳይንገዳገድ ወረደ። ሦስት ሳምንት ከላይ የከረመ ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ካልተመካከረ በቀር። ጨምሩኝ ብቻዋን ከላይ ቀረች። ድምፁ እንዲወርድ የኦቦዋን ምላስ ሳብ አደረገቻት፤ አልበቃም። ሌላ ሰካች፤ ያው ናት። ሦስተኛዋን ሰካች። ላቧ በጀርባዋ ወረደ።

"ኦቦ፣ እንጀምር?" አለ መሪው።

ጀመሩ። የኦቦዋ ብቸኛ ዜማ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ ባለ አውታሮቹ ከሥር በቀስታ ምንጣፍ ሲያነጥፉላት እሷ ብቻዋን የምትወጣበት። ድምፁን ለማውረድ ከንፈሯን ለቀቅ ስታደርግ ይሰነጠቃል፤ ጠበቅ ስታደርግ ከሁሉም በላይ ይወጣል። ብቻውን ቢሰማ የሚያምር ዜማ ነበር። ከሰባ ሰው ጋር ሲሰማ ግን ጥርስ ያፋጫል። አንደኛው ዳኛ ፊቱን አዞረ። ጨምሩኝ እስከ መጨረሻው ነፋች፤ ማቆም ነውር መሰላት።

መሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። "ጣቶችሽ ጎበዝ ናቸው፤ ትንፋሽሽም ግሩም ነው። ግን ኦርኬስትራ ማለት ሌላውን መስማት ነው። አንቺ ከሰው ጋር መጫወት አትችይም።"

"እነሱ ከፍ ብለው..." አለች ጨምሩኝ።

መሪው ወደ ጋሼ ዞረ። "ለምን ያህል ጊዜ ከእናንተ ጋር ተለማመደች?"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ" አለ ጋሼ፣ ቀስቱን በጨርቅ እየወለወለ። "ድምፅሽ ልክ አይደለም ብለን በየቀኑ ነግረናታል። ያልነገርናት ቀን የለም፤ ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው።"

እውነቱን ነበር፤ ያልነገሯት ቀን አልነበረም። ከሰባው ሰው አንድም ቀና ያለ የለም። ኮርኖ ነፊው ከመሣሪያው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ጨምሩኝ ወረቀቶቿን ሰብስባ፣ ለመሪው እጅ ነስታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ኦቦዋን መፍታት ጀመረች። የጋሼ የእህት ልጅ በአጠገቧ አልፋ ገባች። በሩ ገርበብ እንዳለ ከውስጥ ላ ተሰማች፤ ቀጥ ያለች፣ ንጹሕ ላ። ሰባው ሰው እሷ ላይ አረፈ፤ አንድም ከፍ ያለ የለም። ጨምሩኝ ያቺን ላ ታውቃታለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ራሷ ይዛላቸው የገባችው ናት፤ በፀጉር ውፍረት እንኳ አትለይም። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ጋሼን ጠላችው፤ ቅቤ አፉን፣ የተበጠረ ሽበቱን፣ "ልጄ" ያለባትን ድምፁን ጠላችው።

ኮርኖ ነፊው ለዚህኛው ክፍል ስለማይፈለግ ወጣ አለና ሲያያት ደነገጠ።

"አልሄድሽም እንዴ?" ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በመጀመሪያው ቀን ልክ ነበርሽ። ሁላችንም ሰምተናል። ምን ላድርግ? ማን መቼ እንደሚጫወት ፈረቃ የሚያወጣው ጋሼ ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ደግሞ አንቺ ወጣት ነሽ።"

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"ከዳር እስከ ዳር።" ትንሽ ፈገግ አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ፈገግታው ሳያስበው ያመለጠው ነው። "እውነቱን ልንገርሽ? እስከዚያ ድረስ ትከተይናለሽ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የምንችለውን ጨርሰን ነበር፤ የቫዮሊኖቹ ክሮች ሊበጠሱ ደርሰው ነበር።"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድቡ ጥርሷ ሥር ደርሶ ነበር። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ባለ አውታሮቹ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ባሶቹ ብቻ፣ ቀጥሎ ቼሎዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ወለሉ በጫማዋ በኩል ተንቀጠቀጠባት። ጨምሩኝ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። በሩን ታያለች፤ ሰውየውን ታያለች።

"ሁለት ኦቦ የሚጠይቅ ፕሮግራም ይመጣል አይደል?" አለችው። "ለጋሼ ንገርልኝ። ከፍም በሉ፣ ዝቅም በሉ፣ እንዳላችሁት እሆናለሁ።"

ኮርኖ ነፊው ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው።