ክፍት ሆኖ የተሳለው መስኮት

እኔ ጡብና ቀለም እንጂ ሕግ አልተማርኩም፤ ግን ያን ሰሞን ያየሁትን ሕግ ያወጣው ሰው ጤነኛ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝም!

የእነ ሚስስ ታፕሊ ቤት ጆርጅ የተባሉት የእንግሊዝ ነገሥታት በነገሡበት ዘመን የተሠራ ቀይ የጡብ ቤት ነው። ፎቁ ላይ አምስት መስኮቶች ተሰልፈዋል። አንደኛው ግን ውሸት ነው፤ ግንበኛው ግራና ቀኙ እኩል እንዲመስልለት ብሎ ጡቡን ጥቁር ቀብቶ፣ ነጭ ፍሬም ስሎበት ሄደ። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ፣ ሌላ መስኮት በሌለው ክፍል፣ የሚስስ ታፕሊ ባል ሚስተር ከዝበርት ተኝተዋል። ከመኸር ጀምሮ አልጋ ይዘዋል፤ ከተወለድኩበት ክፍል ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልወጣም ብለዋል። የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ከመሞታቸው በፊት፣ ጓደኞቻቸው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ጎንበስ ብለው የእንጨት ኳስ የማንከባለል ጨዋታቸውን ሲጫወቱ አንዴ ማየት።

ቤቱ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ፣ የቅርስ ሹሙን ፒምብሌትን ለመንኩት። "ጡቡን ላንሳና መስታወት ላስገባ።"

"በፍጹም! ይህ መስኮት ሁለት መቶ አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት ሆኖ አያውቅም። ዛሬ መስኮት ብታደርገው ማጭበርበር ነው። ቀለሙ ግን ተልጧል፤ አድሰው።"

ደሜ ፈላ። ሚስስ ታፕሊ ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ "ተወው የኔ ልጅ፣ አድሰው። ብቻ ክፍት አድርገህ ሳለው" አሉኝ። የቤቱ መስኮቶች ወደ ላይ እየተገፉ የሚከፈቱ ናቸውና፣ የታችኛውን መስታወት የተገፋ አስመስዬ ሳልኩት።

ሰኞ ፒምብሌት መጥቶ ቀና ብሎ አየ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ምንድን ነው ይሄ? አራቱ ተዘግተው አንዱ ክፍት? ሚዛኑ ተበላሸ እኮ!"

"ኧረ ጌታዬ፣ ግድግዳ ነው!"

"ግድግዳ መሆኑ አልጠፋኝም። ወይ ዝጋው፣ ወይ ሌሎቹን ክፈት!"

ጉድ እኮ ነው! እልህ ያዘኝ። ሃምሳ ዓመት በቀለም ተጣብቀው የኖሩትን አራቱንም መስኮቶች በመሮና በመዶሻ አስለቀቅኳቸው። የታጨደ ሣር ሽታ፣ የኳሶች ግጭት፣ የሽማግሌዎች ሳቅ ቤቱን ሞላው፤ በኮሪደሩ አልፎ አልጋው ድረስ ደረሰ።

"ዊኒ!" ብለው ሚስታቸውን ጠሩ ሚስተር ከዝበርት ከትራሱ ቀና ብለው። "የሚስቀው ሆሬስ ነው! ተሸንፏል ማለት ነው።" ከዚያ ባላቸው አቅም ወደ ግድግዳው ጮኹ። "ጉልበትህን እጠፍ፣ አንተ አህያ!"

ቀጥሎ ባለው መስኮት አንገቴን አወጣሁ። ጓደኛቸው ሆሬስ ሜዳው ላይ ቆቡን አውልቆ፣ የሳልኩትን መስኮት አንጋጦ እያየ ነበር።

"ከዝበርት!" ብሎ ጮኸ። "ከመስኮቱ ራቅ በል፣ ብርድ ይመታሃል!"

ሚስስ ታፕሊ እየሳቁ አለቀሱ። ሚስተር ከዝበርት ደግሞ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።