በኮከቦቹ መሃል አንድ ጣት

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ መቀስ እንጂ ወንፊት ይዛ አታውቅም። ያን ቀን ግን የበዓሉ ዋዜማ ነበር። ደንበኞቿ ልብሳቸውን ወስደው ጨርሰዋል፣ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆሟል፣ እሷም ወገቧን ይዛ ወጥ ቤቱ መሃል ቆማ ዱቄትና ቅቤ ታያለች። ጭንቅ ነዋ!

ጭንቋ ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ የባሏ ልጅ ስትሆን ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አክስቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ዘንድ ቆይታ አባትየው ሲያገባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ትበላለች፣ ትታጠባለች፣ ትተኛለች። ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ስትጠይቃት ግን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ነው የምትመልሰው። አክስትየዋ ደግሞ ሐሳቧን አልደበቀችም። ለበዓል እመጣለሁ፣ ልጅቱን ራሷን እጠይቃታለሁ፣ እሄዳለሁ ካለች ይዣት ነው የምሄደው፣ በእንጀራ እናት ቤት የእህቴ ስም ተረስቶ ሲቀር ቆሜ አላይም ብላለች። አባትየው ሹፌር ነው፤ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነው። በስልክ ሲነገረው «እንግዲህ እሷ ያለችው ይሁን» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጎሽ፣ የኔ ጀግና! ልብስ ሰፊዋ ግን ልጅቱን ወዳታለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥርላት ማጅራቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ነጥብ እያየች ሆዷ ይባባል። እንድትሄድባት አትፈልግም፤ በቃ።

ኩኪስ እንድትጋግር የጠቆመቻት ጎረቤቷ ነች። ለጀማሪ፣ ለልጅ እንኳ የሚሆን ቀላል ነገር ነው፣ አብራችሁ ብትሠሩት ትቀርብሻለች አለቻት። ቅቤና ስኳሩን አሽተሽ፣ እንቁላል ጨምረሽ፣ ዱቄቱን ነፍተሽ፣ ለውሰሽ፣ ዳምጠሽ፣ በፈለግሽው ቅርፅ ቆርጠሽ ኦቨን ውስጥ መክተት ብቻ። ልብስ ሰፊዋ መቁረጥ አለበት ስትባል ልቧ ደስ አለው። ለመቁረጥማ ማን ብሏት!

ከሰዓት በኋላ ጀመሩ። ፀሐይዋ በመስኮቱ አግድም ገብታለች። ሚጢጢ ዱቄቱን ስትነፋው ብናኙ ብርሃኑ ውስጥ ተንሳፍፎ ቀረ፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ሁለቱም እጃቸውን አቁመው አዩት። ቤቱ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። የልጅቱ ሽፋሽፍት ነጭ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ ይህ ያው የምትኖርበት ቤት መሆኑን ተጠራጠረች። ግድግዳው ፈንጠር ያለ፣ የመንገዱም ድምፅ ከውሃ ሥር የሚመጣ መሰላት። እንዲሁ ቢቀር አለች በልቧ፣ ነገ የሚባል ቀን ባይመጣ።

ከዚያ ሥራዋን ያዘች። ከወፍራም ወረቀት የኮከብ ቅርፅ አወጣችና እንደ ልማዷ ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ዙሪያውን ጨመረችበት። ኩኪሱን በምን ልትሰፋው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከሊጡ የቆረጠቻቸውን ኮከቦችም ጨርቅ እንዳይባክን በምታደርገው ዓይነት፣ የአንዱን ክንድ በሌላው ብብት ሥር እያስገባች፣ ክር የሚያሳልፍ ቦታ ሳትተው ትሪው ላይ ደረደረቻቸው። ሚጢጢ አየቻት። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

የኦቨኑ መስታወት ፊት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቢጫ ታበራለች። ኮከቦቹ ቀስ ብለው ነፋ ነፋ ማለት ጀመሩ፤ ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ተያያዙ። ልብስ ሰፊዋ ፈዛ ቀረች። እንዴት ያምራሉ እያለች ነበር። ነገሩ የገባት ትሪውን ስታወጣው ነው። ኮከብ የሚባል የለም፤ አንድ ወጥ የሆነ ቡናማ ምንጣፍ ወጣላት።

እዚያው ወለሉ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለኩኪስ ማን ያለቅሳል! ነገ አክስትየዋ ስትመጣ ልጅቱን በምን አስቀራታለሁ ብላ ነው። ሚጢጢ ቆማ ስታያት ቆየች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ትንሿን ጣቷን አጋደመች።

«በመሃላቸው ጣት መተኛት አለበት» አለች። «እማዬ እንደዚህ ነው የምታደርገው። የኔን ጣት ታስተኛና ሌላውን ኮከብ ከወዲያ ታስቀምጠዋለች።»

ሚጢጢ ከተመለሰች ወዲህ እናቷን ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። ቅናት ቢጤ ይነካኝ ይሆን ብላ ራሷን ጠበቀች፤ አልመጣም። እንባዋን በዱቄታም እጇ ጠርጋ ፊቷን ይብሱን አበላሸችና፣ ሌላስ እማዬ ምን ታደርግ ነበር ብላ ጠየቀቻት። ሚጢጢ ወንበር ላይ ወጣች። ሊጡ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይበል አለች። የወረቀቱን ትርፍ ቆርጣ ጣለችው። የልብስ ሰፊዋ እጅ ሲፈጥን ልጅቱ ቀስ በይ እንጂ እያለች ተቆጣቻት፣ ልብስ ሰፊዋም እሺ እመቤቴ፣ እሺ እያለች ታዘዘች። የሁለተኛው ትሪ ኮከቦች ኮከብ ሆነው ወጡ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው አሯል፤ ይሁና።

በማግስቱ አክስትየዋ ከች አለች፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛ። ሻንጣውን ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ልብስ ሰፊዋ እንደምን ዋሉ እትዬ ብላ የኩኪሱን ሳህን አቀረበችና ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እውነቱን ለመናገር ሸሸች። በሩ ግን ገርበብ ያለ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። አክስትየዋ ልጅቱን አቅፋ፣ ማንንም ሳትፈሪ ንገሪኝ፣ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይ አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የምድጃውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

«አሁን አይሆንም» አለች ልጅቱ። «እማዬ ያሳየችኝን እሷ ምንም አታውቅም። ገና ኮከብ ብቻ ነው ያሳየኋት። እኔ ከሄድኩ ማን ይነግራታል?»

ልብስ ሰፊዋ ሻዩን ይዛ ስትገባ አክስትየዋን ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ አገኘቻት። አክስትየዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ሻንጣውን ከወንበሩ ላይ አወረደችና ወንበሩን ሳብ አደረገችላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «ስለ እህቴ እኔም የምነግርሽ አለኝ።»