የእትዬ ፀሐይነሽ ንስሐ

እትዬ ፀሐይነሽን ታመው ወደ ለይቶ ማከሚያችን ሲያመጧቸው እኔ ቂሜን ገና አልጨረስኩም ነበር። ቢቸና ላይ አከራዬ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ደም ግፊታቸውን እለካላቸው ነበር። በ2012 ሐምሌ የኮሮና ሕሙማንን እንዳስታምም በተመደብኩ በሳምንቱ ግን፣ ከሥራ ስመለስ ፍራሼና ሻንጣዬ ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ሲወርድባቸው አገኘኋቸው። እሳቸው ከተዘጋው በር ጀርባ ሆነው በሽታውን ለቤቴ አታምጪብኝ አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ አገሯ ሞጣ ገባች ብሎ አወራ። ማን አስገብቶኝ! ያን ሁሉ ቀን የማድረው እዚያው ማከሚያው ጓሮ ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር።

በወሩ እሳቸው ታመው መጡ። ከራስ እስከ እግሬ ተሸፍኜ፣ ጭምብልና መነጽር አድርጌ ስለነበር አላወቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። እንዳይደነግጡ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእጃቸውን አገኙ ብዬ ነበር በሆዴ። ቢሆንም መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠሁ፣ አገላበጥኩ፣ አጠብኩ። ሥራ ነው።

በአምስተኛው ቀን ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። የነፍስ አባቴን አገናኙኝ አሉ። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ እንዲገቡ ስለማይፈቀድ፣ ሥርዓቱ ባይሆንም ምን ይደረግ፣ በስልክ ልስማት አሉ። እትዬ ፀሐይነሽ ስልክ የሚይዝ ጉልበት አልነበራቸውም፤ ጆሯቸውም ከብዷል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። የሰው ንስሐ መስማት ነውር ነውና እንዳልሰማ አባታችን ሆይን በልቤ ደጋገምኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ጆሮ ክዳን የለው። ከሰማሁት የማወራው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የራሴ ስለሆነ።

«አንዲት ነርስ ቤቴ ትኖር ነበር» አሉ። «እንደ እናት የምታየኝን፣ ፈርቼ በዝናብ አስወጣኋት።»

መምሬም ከበደልሻት ልጅ ጋር ሳትታረቂ አልፈታሽም አሏቸው። እትዬ ፀሐይነሽ ማልቀስ ጀመሩ። ሞጣ ገብታለች ይላሉ፣ የት አገኛታለሁ፣ ከዚህስ በሕይወት መውጣቴን ማን ያውቃል እያሉ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ ሰው የለም። ይቅር ልበል ብልም ልቤ እሺ አላለኝም፤ ያ ቀን አሁንም ያንገበግበኛል። ግን ደግሞ እያየኋቸው ሳይፈቱ ቢሞቱ እንዴት እተኛለሁ? ጎንበስ ብዬ፣ «እትዬ፣ እስከዳር ነኝ» አልኳቸው።

በመነጽሩ ውስጥ ዓይኔን ፈለጉት። ሲያውቁኝ ይቅርታ ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚያ በደከመ እጃቸው ብርድ ልብሱን ስበው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ራቂ ልጀ» አሉኝ። «ራቂ፣ እንዳይዝሽ።»

እንባዬ መነጽሩን ጋረደው። መምሬ በስልኩ ውስጥ እዚያ ማን አለ ይላሉ። አልራቅሁም፤ ጭራሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ይፍቷቸው።»