ጥጋቡ አረፈ

ጥጋቡ ማትሪክ ወድቆ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ አልፏል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል። እሱ ግን ሒሳብ ላይ «ቢ» ስላገኘ ሦስተኛ ካልተፈተንኩ ብሎ ችክ አለ።

«‹ቢ› ምንድን ናት?» አሉት እናቱ እትዬ አመተ ሥላሴ።

«ከ‹ኤ› ቀጥሎ ያለችው።»

«ሁለተኛ ናታ! በዚህ ነው እንቅልፍ አጥተህ እኔን የምታሳጣኝ?»

መጽሐፎቹን ለቅመው በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተቱና የጆንያውን አፍ ሰፉት። ጥጋቡ አኩርፎ ጋቢውን ተከናነበ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። መጽሐፍ ልዋስ ብሎ እንዳይወጣም በሩን ከውጭ ቆልፈውበት ወደሚነግዱበት ገበያ፣ ወደ በርበሬ በረንዳ ወረዱ።

በርበሬውን እያራገፉ ሳለ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሐምዱ መጡ።

«ጥጋቡ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ዛሬስ አረፈ» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ፤ በርበሬው ያቃጠለው ዓይናቸው እንባውን ያወርደዋል።

«ኢና ሊላሂ!» ሐምዱ ወደ እድሩ ዳኛ ሮጡ።

እትዬ አመተ ሥላሴ ለምሳ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። እሳቸው ገና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሁለት ሴቶች እንዳይፈጠፈጡ ብለው ግራና ቀኝ ያዟቸው። አልቃሿ ፋናዬ ደረቷን እየደቃች ታወርዳለች፦

«ኤ በኤ ደርድሮ፣ ኤ በኤ ከምሮ፣
ምን ያደርጋል ቀረ፣ በአንዲት ሲ ተቀብሮ!»

«ማነው ‹ሲ› ያለው?» አለ ከተቆለፈው በር ጀርባ አንድ ድምፅ። «‹ቢ› ናት!»

ለቀስተኛው ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ጫማውን ጥሎ ሸሸ። ፋናዬ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ለሞተ ሰው ‹ሲ› ምን አነሰው?»

እትዬ አመተ ሥላሴ ነገሩ አሁን ገባቸው። የእድሩ ዳኛ «ድንኳኑ ይነቀል» ሲሉ እናትየው እጃቸውን አነሱ።

«አይነቀልም! ጥጋቡ፣ ስማኝ። ለመመዝገብ ካልሆነ ይህ በር አይከፈትም። ፋናዬም ‹ሲ› እንዳለች ግጥሙን ሰባተኛ ሰፈር፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ድረስ ታዳርሰው።»

«እማዬ! በሐሰት?»

«በሐሰት።»

ንፍሮው ሲንተከተክ ይሰማል።

«‹ቢ› ትበልና እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ።

ፋናዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ «በአንዲት ቢ ተቀብሮ» ብላ አረመችው። እትዬ አመተ ሥላሴ በሩን ከፈቱ። ሊቀብር የመጣው ሁሉ ንፍሮውን እየቃመ እስከ ስድስት ኪሎው አውቶቡስ ሸኘው።