ግራው መብራት ለምን ጠፋ

ሙለታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ፣ ሰው ሰውን የሚያታልልበትን መንገድ ሁሉ በፋይል በፋይል አገላብጦ አይቷል። ወንድም የወንድሙን ቤት ሲሸጥ፣ ልጅ የሞተ አባቱን ሲያስፈርም፣ ሙሽራ በሠርጉ ማግስት ሲከሰስ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሰዓቱን ቤት ወስዶ ከሬዲዮ ጋር ሦስት ቀን ሳያመሳክር አልሰቀለውም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል፣ ጠዋትም ማታም። ሥጋ ቤት ሚዛኑን ራሱ ካልነካ አንድ ኪሎ እንኳ አይገዛም።

እንዲህ ያለ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና መግዛቱ የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቹን አስገርሞ ነበር። ድምፅ የሌለውን ነገር እንዴት አመነው? ነገሩ ማመን አልነበረም፤ የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾት ነው። መኪናው ደህና ነው፣ ያስቸገረው መብራቱ ነው። ዓይኑ ደከም ብሏል። ሲመሽ አጭሩን መብራት ቢያበራ መንገዱ አይታየውም፤ ረጅሙን ቢያበራ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ይሰድበዋል። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ ላይ ከግንባታ ወጥቶ መንገድ የሚያቋርጥ የቀን ሠራተኛ ለጥቂት ተረፈ። ልጁ ሴና ይህን ስትሰማ "አባዬ፣ ወይ መብራቱን ቀይር ወይ ቁልፉን አምጣ" አለችው። በወሩም ለዚያው መኪና የሚሆን አዲስ ዓይነት የፊት መብራት በሰው ከዱባይ አስመጣችለት። አዳፕቲቭ ማትሪክስ ኤልኢዲ ይባላል።

የሚገጥመው ኑሪ ነው። ኑሪ አብነት ውስጥ ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አለው። አባቱ ዓብዱልሰላምና ሙለታ ጌጃ ሰፈር በአንድ ግቢ ኖረዋል፤ ዓብዱልሰላም ሲሞት ልጁ ገና አሥር ዓመቱ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ደብተሩን የሚያየው ሙለታ፣ ምሳውን የምትሰጠው የሙለታ ሚስት ወይዘሮ እንዳለች ነበሩ። ያን ሰሞን ደግሞ ኑሪ ሲመኘው የኖረውን አግኝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ፈትኖ አሳልፎታል፤ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ዋስ ካልፈረመለት ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።

"እኔ እያለሁ ዋስ ትፈልጋለህ እንዴ?" አለው ሙለታ። "ዓርብ ሄጄ እፈርማለሁ።"

ዋስ እሆናለሁ ማለት ግን መኪናውን ጥሎለት መሄድ ማለት አይደለም። ሙለታ መጀመሪያ ውል ጻፈ፣ ሦስት ምስክር አስቀመጠ፣ ኑሪን አስፈረመ። ቀጥሎ ከእንዳለች የጥፍር ቀለም ተበድሮ በሁለቱም መብራቶች ጀርባ ላይ ቀይ ምልክት አደረገ፣ እንዳይቀየሩበት። ከዚያ በርጩማ ስቦ መኪናው አፍንጫ ሥር ቁጭ አለ።

"ጋሼ፣ ለመብራትም ውል?" አለ ኑሪ እየሳቀ።

"አባትህ ቢሠራውም አስፈርመው ነበር።"

ኑሪ ሥራውን ሲጀምር ሊያስረዳው ሞከረ። መብራቱ አንድ አምፖል ሳይሆን ብዙ ትናንሽ መብራቶች መሆናቸውን፣ የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ካሜራ መንገዱን እያየ እንደሚያዛቸው፣ መኪናው ኮምፒውተር ላይ በላፕቶፕ መመዝገብ እንዳለባቸው... ሙለታ ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ መስማት አቆመ። መዝገብ ቤት እያለ ያወጣው ሕግ አለው፤ ማስረዳት የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው አለ።

አንድ ቀን ተኩል እንዲህ ሲጠብቅ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ከብሎካቸው አንድ ሰው አርፎ እድሩ ለቀብር እየወጣ ነው። እድር ቀብር ላይ ስምህ ሲጠራ አለመኖር የሚባል ነገር የለም። ሙለታ መኪናውን አየ፣ ኑሪን አየ፣ እያጉረመረመ ሄደ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲመለስ ኑሪ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል።

"አልቋል ጋሼ!"

አልቋል? ቀን ተኩል የፈጀው ሥራ እሱ ዞር ሲል አለቀ? መብራቶቹ ቦታቸው ገብተዋል፣ ቀዩ ምልክት ከውስጥ ተቀብሯል። ሙለታ "እግዜር ይስጥልኝ" አለና ቁልፉን ተቀበለ። ልቡ ግን እዚያው በርጩማው ላይ ቀረ።

ማክሰኞ ሲመሽ፣ ከሰንጋ ተራ ጀርባ የመንገድ መብራት ገና ያልገባለትን ቁልቁለት መርጦ ሞከረው። መጀመሪያ ደስ አለው። የግንባታው ቆርቆሮ አጥር፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ አጥር ሥር የተኛው ውሻ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየው። "ዓይኔን አገኘሁ" አለ ድምፁን አውጥቶ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ አንድ ሚኒባስ ከፊት መጣ፣ የግራው መብራትም በከፊል እልም አለ። ሚኒባሱ ሲያልፍ ተመልሶ በራ። ሌላ መኪና መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ሙለታ ወደላይ ወደታች ስምንት ጊዜ ተመላለሰ። ስምንቱንም ጊዜ ግራው ከዳው።

ያች አንድ ሰዓት ተኩል! አዲሱን ግራ መብራት ለሌላ ደንበኛ ገጥሞ ለእሱ የተጠገነ አሮጌ አስገባበት ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ እያየ አደረ።

በማግስቱ አብነት ሄዶ መኪናውን መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ፊት አቆመ። ኑሪ መብራቱን አበራው። ግራም ቀኝም እኩል ፍንትው ብሎ ግድግዳውን አነጣው።

"ይኸው ይሠራል ጋሼ።"

"አንተ ፊት ይሠራል። እኔ ስሄድ ግራው ይጠፋል።"

"ከፊት መኪና ሲመጣ ነው አይደል?" አለ ኑሪ ፈገግ ብሎ። "እሱማ ልክ ነው፤ ሥራው እኮ እሱ ነው።"

ሙለታ ጆሮውን ቀሰረ። መቼ እንደሚጠፋ አልነገረውም። ራሱ ካላደረገው እንዴት አወቀ? ደግሞ ጉድለቱን ሥራው ነው ይላል! መዝገብ ቤት የተከመረው ፋይል ሁሉ እንዲህ በሚሉ ሰዎች የተሞላ ነው። ሲዘንብ የሚያፈስ ጣሪያ ሠርቶ "ለአየር ነው" ያለ ግንበኛ ፋይል በእጁ አልፏል። መጥፋት ሥራው የሆነ መብራት ማን ይገዛል?

"ፍታው። ምልክቴን ልይ" አለ።

ኑሪ ፈገግታው ጠፋ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የፊቱን ፕላስቲክ አውልቆ ግራውን መብራት አወጣና ገልብጦ አሳየው። ቀዩ የጥፍር ቀለም እንዳለ አለ።

"ይሄ ልባሱ ነው" አለ ሙለታ። "ሆዱን ማን አየው?"

ጎረቤት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ማዶ ያለችው ባለሱቅም ብቅ ብላለች። ኑሪ መብራቱን እንደታቀፈ ቆመ።

"ጋሼ፣ ሌባ ነህ እያሉኝ ነው?"

"አላልኩም። እስኪጣራ ነው።"

ማታ እንዳለች ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ያንን ልጅ ሰፈር መሃል?"

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እንዳለች።"

"ዓርብ ትፈርምለታለህ አይደል ታዲያ?"

"ተጣርቶ" አለ ሙለታ። "ለማላምነው ሰው ዋስ ሆኜ ቤቴን ላስነጥቅ?"

እንዳለች ብዙ አየችው። ከዚያ ሳህኖቹን አነሳች።

ዓርብ ኑሪ ሁለቴ ደወለ። ሙለታ ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ሲጮህ እያየው አላነሳም። እንዳለች በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሥራዋ ላይ ናትና ቤቱ ጭር ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ከፋው። ግን ጥፋተኛው ኑሪ ነውና መከፋቱም የኑሪ ጥፋት ሆነ።

ማስረጃውን ለማጠንከር ያንኑ ምሽት በሱፍቃድን ጠራ። በሱፍቃድ ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቱ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሁለቱም በየመኪናቸው ወደዚያው ቁልቁለት ሄዱ። በሱፍቃድ ከታች እንዲመጣ፣ ሙለታ ከላይ እንዲወርድ ተስማሙ። ተላለፉ። እንደተለመደው ግራው ጠፋ። ሙለታ ፍሬን ይዞ ወረደ፤ የድል ያህል ሰውነቱን ሞቀው።

"አየህ? ግራው ጠፋ አይደል?"

"የምን መጥፋት?" አለ በሱፍቃድ። "ረጅሙን አጥፍተህልኝ ነው እንጂ። ከአንተ ጋር ስተላለፍ ዓይኔን ሳላሽ የቀረሁት ዛሬ ገና ነው።"

"ረጅሙን አላጠፋሁም።"

በሱፍቃድ መኪናውን ዞሮ አየና ቁልፍ እንለዋወጥ አለ። ሙለታ በበሱፍቃድ አሮጌ መኪና ከታች ቆሞ የራሱ መኪና ቁልቁል ሲመጣበት ተመለከተ። ዓይኑን ለመከለል እጁን አነሳ፣ ግን የሚከልለው አልነበረም። አጥሩ በርቷል፣ ጠርዙ በርቷል፣ አስፋልቱ ከፊቱም ከጎኑም ቀን መስሏል፤ እሱ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ጨልሟል። ሲጠጋ ጨለማውም አብሮት ተጠጋ። መብራቱ እሱን ላለመውጋት ብሎ በልኩ ጥላ ይሠራለታል። "ሥራው እኮ እሱ ነው" ያለው ልጅ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ።

"ማን ነው የሠራልህ?" አለ በሱፍቃድ መስኮቱን አውርዶ። "ወንድ ነው! እኔም ልሂድለት።"

ሙለታ ከመኪናው ወረደ። ሰዓቱን አየ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቀጠሮው ካለፈ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ፊቱ በኀፍረት ነደደ።

ቅዳሜ ጠዋት የጎማ ጠጋኙ ዓይን እያየው አብነት ደረሰ። ኑሪ መፍቻዎቹን በሳጥን እየደረደረ ነበር።

"ኑሪ፣ ተሳስቻለሁ። በድዬሃለሁ። ሰኞ ድርጅቱ ሄጄ አስረዳለሁ፣ እለምናቸዋለሁ።"

"አያስፈልግም ጋሼ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ።"

"ዋስ አገኘህ?"

"ትናንት ተፈረመልኝ።"

"ማን?"

"እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል" አለ ኑሪ፤ መፍቻዎቹን መደርደሩን ቀጠለ። በርጩማውን አልሳበለትም።

ሙለታ ወደ ቤት ሲነዳ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ማን ነው የሚለው በላው። ጎማ ጠጋኙ? ደመወዝ የለውም። የኑሪ አጎት? ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ስሜን ደብቁልኝ የሚል ዋስ ምን ዓይነት ዋስ ነው? ያለ ምክንያት አንገቱን የሚሰጥ ሰው የለም። ስሞቹን አንድ በአንድ እየጣለ ልደታ ሲደርስ አንድ ስም ብቻ ቀረው።

እንዳለች በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች።

"አንቺ ነሽ?" አላት ቁልፉን ሳያስቀምጥ።

"እኔ ነኝ። በደመወዜ ፈረምኩ።" ቀና አላለችም። "አንተ ቃል ገብተህለት ነበርና ቃልህ መሬት እንዳይወድቅ ብዬ ነው።"

"ለምን ደበቅሽኝ ታዲያ?"

እንዳለች ጠጠሯን ወርውራ አየችው። "ብነግርህ እኔንም ትጠረጥረኝ ነበር።"

"አንቺን? በፍጹም!" ሊል አፉን ከፈተ። ግን ሌሎቹን ስሞች ጥሎ የእሷ ብቻ በቀረው ጊዜ፣ እዚያው ደረጃው ሥር መኪናውን ሲያቆም፣ ከኑሪ ጋር ምን ተነጋግረው ይሆን ብሎ ነበር። ቁልፉን ኪሱ ከተተና አጠገቧ ተቀመጠ። ከሳህኗ ጥግ እፍኝ ምስር ዘግኖ መልቀም ጀመረ።