ድንጋዩን ማን ገጠመው

«ድንጋዩን የገጠመችው ልጅቱ ናት አሉ።»

«ዝም በይ ባክሽ፣ ትሰማሻለች!»

ሰማች እንጂ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለቅሶ ቤት ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ብሶ ይሰማል። ቀጮ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ማድ ቤት ውስጥ የሚያወሩት አክስቷና አንዲት ጎረቤት ናቸው።

አባቷ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጓሮ ባለችው የስራ ክፍሉ ውስጥ፣ ቢላና መጋዝ የሚስልበት፣ በሞተር የሚሽከረከረው ድንጋይ ፈነዳና ስባሪው ደረቱን መታው። ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ በዚያው ሞተር ላይ አዲስ ድንጋይ የገጠመችው እሷ ናት። ይሄን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልመስል አላት። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። መጋረጃው ነፋስ ሲገባበት እብጥ፣ ሟሸሽ ሲል ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስላታል። የሚያጽናኗት ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቃላቸው ግን ከሩቅ፣ ከውሃ ስር እንደሚመጣ ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ብላ ትመልሳለች። ቁጭ ባለችበት፣ ዓይኗን እንደገለጠች ታልማለች። በሕልሟ ሁሌም ሰኞ ነው። ድንጋዩን ከካርቶኑ ታወጣዋለች። ቀዳዳው ለሞተሩ ዘንግ ሰፍቷል፤ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዳ በልኩ ያስወጣችውን የብረት ቀለበት ትከትበታለች፤ ግጥም ይላል። ከዚያ ምን አደረገች? አንኳኩታዋለች? እዚህ ላይ ሕልሙ ቅልጥ ይላል፣ እንደገና ሰኞ ይሆናል።

ማንኳኳቱን ያስተማራት አባቷ ነው። አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ድንጋዩን በሌባ ጣቱ አንጠልጥሎ፣ በመፍቻው የእንጨት እጀታ ጠርዙን ኳ አደረገው። ድንጋዩ ጥርት ባለ ድምፅ ጮኸ።

«ሰማሽ? ይቺ ጤነኛ ናት።» ድንጋዩን «እሷ» ነበር የሚለው። «ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣች ግን ውስጧ ተሰንጥቋል። በዓይን አይታይም። እንዲህ ያለችዋን ብትገጥሚያት ቤት ታፈርሳለች።»

«ታዲያ ዘንጉ ላይ ትንሽ ብትላላስ? ፕላስተር ጠቅልለን ብንከትባት?»

«ፕላስተር ለቁስል ነው፣ ልጄ! ቀለበቷን በልኳ አስወጪላት። ግራና ቀኝ ወረቀቷን አልብሻት፤ የሚያቅፏት ሁለቱ ብረቶች እኩያ ይሁኑ፤ ዳዶውን አጥብቂ እንጂ አትነቂያት። ስታስነሺያት ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ከፊቷ ዞር በይ። የምትቆጣም ከሆነ ለብቻዋ ትቆጣ።»

እሷም እየሳቀች ዞር አለች። አባትና ልጅ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ድንጋዩ እዬዬ እያለ ሲዞር አዩት። ደቂቃዋ ስታልቅ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ከሱ የበለጠ ሰው ዓለም ላይ ያለ አይመስላትም ነበር።

ኋላ ኋላ ግን መረራት። ሰላሳ ሞልቷት፣ እጇ ከሱ እጅ ሳይተናነስ፣ ድንጋይ ባነሳ ቁጥር መጥራቱን አልተወም። «ቀጮ! ነይ እስቲ፣ ምን አለች?» እጇን ከሊጥ አውጥታ ትሮጣለች። ያንኳኳል፤ ዓይን ዓይኗን ያያል። «ደህና ናት» ስትለው «ጎበዝ» ብሎ ይገጥማል። ምን ዓይነት የማያልቅ ፈተና ነው! ስትል ታጉረመርም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ጠራቻት። ፊቷ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ጋሼ በያጁ ከጓሮ አልገባም ብሏል። እህል ከቀመሰም አላውቅ። ሻይ ውሰጂለት፣ የኔ እናት።»

በያጁ የአባቷ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው፤ የብየዳ ቤቱ ከአጥራቸው ማዶ ነው። ጓሮ ማለት ደግሞ የአባቷ የስራ ክፍል ነው፤ ቀጮ ከማክሰኞ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን የእናቷን ፊት አይታ ብርጭቆውን ተቀበለች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ የሚያርፍበትን የረሳ ይመስል። በያጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እሷ ግን እሱን አላየችውም። መደርደሪያው ላይ አዲሱን ድንጋይ አየች። ያው የሰኞው ነው፤ ቀለበቱ በቀዳዳው ውስጥ እንዳለ፣ ጠርዙ እንኳ ሳይነካ ሙሉ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ... እኔ የገጠምኩት አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፈታው።»

«ለምን?»

«ጥርሱ ጠንካራ ብረት የሆነ መጋዝ መጣለት። ለሱ የሚሆነው አረንጓዴው ድንጋይ ነው ብሎ ያንን ገጠመ። የፈነዳው አረንጓዴው ነው።»

በሩን ተደገፈች። አልገደልኩትም! አለች በልቧ። ለአንዲት አፍታ ደስ አላት፤ አባቷ ሞቶ ደስ አላት። ወዲያው አፈረች።

«አንኳኳው?» አለች ቀስ ብላ።

በያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። «አንኳኳው። እኔ እዚያ በሩ ላይ ነበርኩ። ድፍን ነው ያለው፣ ልጄ። ሰምቼዋለሁ። እሱ ግን 'ደህና ናት' አለኝ።»

«እንዴት? አባዬ እኮ ከሩቅ ነው የሚለየው!»

«ጆሮው ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ለእናትሽና ለኔ ብቻ ነው የነገረን። ቀጮ ከሰማች ስራዬን ታስጥለኛለች ብሎ አስማለን።» ትንፋሹን ሳበ። «ምን ልበለው? አንተ ደንቆሮ፣ አልሰማህም ልበለው? በገዛ ሙያው ላሳፍረው? ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል አልኩና ዝም አልኩ። ገደልኩት፣ ልጄ። እንዴት ብዬ ገብቼ ከናትሽ ፊት ልቀመጥ?»

ዕድሜውን በሞተር ጩኸት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ጮክ ብሎ ቢያወራ ማን ይጠረጥራል? ፈተና አልነበረም ማለት ነው። ዓይን ዓይኗን የሚያያት መልሱን ከፊቷ ሊያነብ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በሷ ጆሮ ነው የሰማው።

ማክሰኞ ደግሞ ጠርቷት ነበር። «ቀጮ! ነይ እስቲ!» ልብስ እያጠበች ነበር። አልሄደችም። ያንኑ የሰኞውን ድንጋይ ደግሞ ሊፈትናት መስሏት፣ ሰልችቷት፣ ከመታጠቢያው ሆና «አንተው ስማት!» ብላ ጮኸችበት። እሱንም አልሰማም። ሁለተኛ ሲጠራት ጭራሽ አልመለሰችለትም።

ሻዩን የመሳሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እኔንም ጠርቶኝ ነበር። ሁለቴ። እቤት ነበርኩ።»

በያጁ ቀና ብሎ አያት። ሊያጽናናት አልሞከረም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከሩቅ የአክስቷ ድምፅ ወንበር አምጡ፣ ሰው መጥቷል ይላል።

«በል ተነስ፣ እንግባ» አለችው።

ተነሳ። ሸሚዙን አዛብቶ ነው የቆለፈው፤ አንደኛው ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሎ አንደኛው ተንጠልጥሏል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆኖ ሰው ሁሉ ሲያየው አንድ ሰው እንኳ አልነገረውም። ቀጮ ቀረበችውና ከላይ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በየቀዳዳው መልሳ ቆለፈችለት፤ ሽማግሌው እንደ ሕፃን እጁን ለቆ ቆመላት።